በመስኮት የመጣው እጅ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱን አትጠብቁት፤ የሄደበትን እሱ ያውቃል። ስልካችሁንም አጥፉት። የሙት መንፈስ በስልክ መብራት አይወራም፤ ያፍራል።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ሌሊት ነው። ውሻ ጮሆ ጮሆ የሰለቸበት፣ ዶሮ ደግሞ ገና ያላሰበበት ሰዓት። መንገዱ ቀጭን ነው። በግራ ገደል ነው። በቀኝ ቧንቧ ነው። ቤት የለም። ሰው የለም። ዛፍ እንኳ የለም፤ ብርዱ ዛፍ አያስቀምጥም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? ቆዩ፣ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ መሄድ ሲገባው ተኝቶ ስለሚያንኮራፋው ልንገራችሁ። እሱ ይቅደም። መቅደም ይወድ ነበር፤ በተለይ ምግብ ሲቀርብ።

ስሙ ደርበው ነው። አንቱ ልለው ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።

በዚያ ዘመን ከባሕር ዳርቻ እስከ መሀል አገር ነዳጅ የሚያሻግር ቧንቧ ተሠራ። ቧንቧ ስላችሁ ይቺ ግቢያችሁ ውስጥ በሳምንት አንዴ የምታስነጥሰው የውሃ ቧንቧ እንዳትመስላችሁ። ይሄኛው ልጅ ዳዴ እያለ የሚያልፍበት ነው። በረሃውን ያቋርጣል፣ ጨው ሜዳውን ያቋርጣል፣ የሰሜኑን ተራራ ሽቅብ ይወጣል፣ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። ሲሠሩት ታች ያሉት በሙቀት ወደቁ፣ ላይ ያሉት በብርድ ደረቁ። መሐንዲሶቹ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው ካርታ ላይ በእርሳስ መስመር ያሰምራሉ። መስመሯ ጣት አታህልም። ያቺን ጣት የማታህል መስመር ሰው በዶማ ሲከተላት ወገቡ ይቀራል።

በኋላ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ። ትልልቆቹ ሰዎች አጨበጨቡ፣ ሥጋውን በሉ፣ በመኪናቸው ሄዱ። ነዳጁም ማለፍ ጀመረ። ለዚያ መንደር ሰው ምን ተለወጠለት? ምንም! ወንዝ የሚያህል ነዳጅ በደጁ ያልፋል፣ እሱ ለኩራዙ በጠርሙስ ገዝቶ ያበራል። አንድ ነገር ብቻ ደረሰው፤ የዘበኝነት ሥራ።

ቧንቧው ለምን ዘበኛ አስፈለገው? ውርጩ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል። ሌባም ሌሊት መጥቶ ይበሳዋል። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት በጆሮ ነው የሚጠበቀው። ነዳጁ ሲያፈተልክ «ሽሽሽ» ይላል። ዘበኛው አጠገቡ እየሄደ ያንን ይሰማል። ብረቱ ራሱ በብርድ ሲኮማተር ያቃስታል። አዎ፣ ያቃስታል! እንደታመመ ሰው። ያንን ድምፅ ለመልመድ ልብ ያስፈልጋል። ደርበው ልብ አልነበረውም። ካፖርት ግን ነበረው።

አሁን ደንቡን ስሙኝ። ታች፣ የፓምፕ ጣቢያው አለ። ሹም አለው፣ ስልክ አለው፣ ምድጃ አለው። ላይ፣ በሌላኛው ጫፍ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ብቻ አለች። መሀሉ ላይ ጥርስ ማፋጫ የሚባል የተራራ በር አለ። ስሙን ያወጣለት ብርዱ ነው። ማታ ከታች አንድ ዘበኛ ይነሳል፣ ከላይ አንድ ዘበኛ ይነሳል። ጥርስ ማፋጫ ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባች ድንጋይ ጋ ይገናኛሉ። እያንዳንዳቸው የናስ ታርጋ ይዘዋል። ይለዋወጧታል፣ ወደየመጡበት ይመለሳሉ። ጠዋት ሹሙ ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ታርጋ ያያል። ከተለወጠች፣ ሁለቱም ሄደዋል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ካልተለወጠች ዘበኛው ይባረራል። በቃ። ሹሙ ሰው አይጠይቅም። የሚጠይቀው ታርጋዋን ነው፤ እሱንም ከወንበሩ ሳይነሳ።

ታዲያ የታችኛው ዘበኛ ማን ነው? ደርበው። የላይኛውስ? ይመር የሚባል ቀጭን፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው። ይመርን ያስቀጠረው ደርበው ነው። ውለታ ሆነ! እናንተ፣ ውለታ ሠርቶ የማይረሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከአራጣ አበዳሪ ይብሳል።

ደርበው ማታ ማታ ከጣቢያው ሲወጣ ማየት ነበር! ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ዱላውን ይይዛል። ፊሽካውን ይነፋል። «ሹም፣ ካልተመለስኩ ልጆቼን አደራ!» ይላል። ሹሙም «አይዞህ አንበሳው!» ይለዋል። አንበሳው የመጀመሪያውን ኩርባ ይታጠፋል። እዚያ ግንበኞቹ ትተዋት የሄዱ የድንጋይ ጎጆ አለች። አንበሳው ይገባል። ፍሙን ያራግባል። ጫማውን ያወልቃል። ብርድ ልብሱን ይከናነባል።

ጥርስ ማፋጫስ? ነጯ ድንጋይስ? ማን ይሂድላት?

ይመር ይሂድላት! የራሱን ግማሽ ይሄዳል፣ የደርበውን ግማሽ ይሄዳል፣ ጎጆዋ ድረስ ይመጣል። ትንሿን መስኮት ኳ ኳ ያደርጋል። «እንደምን አመሹ ጋሼ?» ይላል። ጋሼ ከብርድ ልብሱ እጁን ብቻ ያወጣል። ታርጋ ይሰጣል፣ ታርጋ ይቀበላል፣ መስኮቱን ይዘጋል። ይመር ያንን ሁሉ መንገድ ብቻውን ይመለሳል።

ምን አልሽ አንቺ? «ለምን እምቢ አላለም?» አንድ ቀን ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣» አለው፣ «እስከ ድንጋይዋ እንኳ ቢመጡ? ብቻዬን ስሆን ብረቱ ሲያቃስት እፈራለሁ።»

«ማን አስቀጠረህ?» አለው ደርበው።

«እርስዎ ነዎት።»

«ነገ ልትባረር ብትል ማን ያድንሃል?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው እግርህ የማን ነው?»

ይኸው ነው እንግዲህ። ቀን ደግሞ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ይፎክራል። ጅብ በጆሮው ይዞ እንዳዞረ ያወራል። ሌባ ገደል ለገደል እንዳሳደደ ያወራል። አንድ ቀን ጠላ ሻጯ «ደርበው፣ እንዲህ ስትታገል እያደርክ ካፖርትህ እንዴት አንዲት ክር አልተመዘዘባትም?» ብትለው ምን አላት? «ጥራቱ ነው!» አላት። እፍረት የሚባለውን ነገር እናቱ ስትወልደው ረስታዋለች።

አሁን ጸጥ በሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

አንድ ማታ በረዶ ወረደ። እንደ ጠጠር ያለ በረዶ። ተራራው ነጭ ሆነ። ከበረዶው በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጠራ፤ ውርጩ ተከተለ። ደርበው ፍሙን ጨምሮ ተኛ። እኩለ ሌሊት አልፎ መስኮቱ ተንኳኳ። ኳ ኳ።

«እንደምን አመሹ ጋሼ?» ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ልሙቅ። ልብሴ እላዬ ላይ በውርጭ ደርቋል። እስኪነጋ ብቻ።»

«ጎጆዋ ጠባብ ናት።»

«ከበሩ ሥር ልቀመጥ። እግሬን አላውቀውም ጋሼ።»

ደርበው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተነስቶ ከፈተለት? ብርድ ልብሱን አካፈለው? ታርጋዋን ተቀበለ፣ ሌላዋን ሰጠ፣ «ስትሄድ ይሞቅሃል» አለና መስኮቱን ዘጋ! ፍሙ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ለሁለት ሰውና ለአንድ በግ ይበቃ ነበር። የመንገዱ ጠጠር ላይ የይመር እግር ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ለትንሽ ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ራቀ።

በማግስቱ ማታ መስኮቱ ተንኳኳ። ኳ ኳ። ደርበው እጁን አወጣ፤ ታርጋ ሰጠ፣ ታርጋ ተቀበለ። ሰላምታ ግን የለም። «እንደምን አመሹ ጋሼ» የለም። ደርበው ለብቻው ሳቀ። «አኮረፈኝ! ያኩርፍ!» አለና ተኛ።

በሌላው ማታ ደግሞ ተንኳኳ። ኳ ኳ። ታርጋዋን ሲቀበላት መዳፉ ላይ ተጣበቀች። ከብርዷ የተነሳ ተጣበቀች! በጥፍሩ ነው የፈለቀቃት። ውጭ ግን ውርጩ ለቆ፣ ለዘብ ያለ ማታ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ታርጋዋን ምን ውስጥ ነው የሚያስቀምጣት?» አለ። አለና ተኛ። ሲተኛ እግዜር ይመስገንና ማንም አያህለውም።

በሚቀጥለው ማታ ግን ነቅቶ ነበር። ከምሽቱ ጀምሮ አንድ ነገር ከንክኖታል። ምን መሰላችሁ? ጠጠሩ። ይመር ሲመጣ ጠጠሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። እና ደርበው ጆሮውን ከግድግዳው አስጠግቶ ጠበቀ። ጠበቀ። ጠጠሩ ምንም አላለም። ቧንቧው አንዴ አቃሰተ። ዝም አለ። ደግሞ አቃሰተ፤ ቀረብ ብሎ። ዝም አለ። ጠጠሩ ግን ምንም። ሰው አልመጣም ማለት ነው አይደል?

ኳ ኳ።

እጁን ሰጠ። ምን ያድርግ? ታርጋ ካልተለወጠች ይባረራል። ዓይኑን ጨፍኖ ሰጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘበኛ ሆኖ አደረ፤ የጠበቀው ግን ቧንቧውን ሳይሆን በሩን ነበር።

በነጋታው አንዲት ሴት ጣቢያው ደረሰች። ዘይነባ ትባላለች፤ የይመር ሚስት ናት። መንደሯ ከላይኛው የቆርቆሮ ቤት በታች ነው። በሳምንት በሳምንቱ ስንቅ ታደርስለት ነበር። በሌላኛው መንገድ፣ በመኪናው መንገድ ዞራ መጥታ ነው፤ እግሯ አብጧል።

«ባሌ የለም፣» አለች ለሹሙ። «ያመጣሁለት ስንቅ እንደታሰረ ነው። መኝታው አልተነካም። ምድጃው ላይ ያለው አመድ ርሷል። የበረዶው ቀን ማታ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰው ስጡኝና እንፈልገው።»

ሹሙ ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ ምስማሩ አመለከታት። «እማማ፣ ተመልከቺ። ታርጋዋ ዛሬም ተለውጣለች። ትናንትም ተለውጣለች። ባልሽ በየሌሊቱ ሥራው ላይ ነው።» ከዚያ ደርበውን ጠራው። «ደርበው፣ ይመርን ትናንት አላገኘኸውም?»

እስቲ በሉ! ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። «አላየሁትም» ማለት። እጁን እንጂ ፊቱን አላየሁትም ማለት። ያን ቢል ሰው ይወጣል፣ ተራራው ይፈለጋል፣ ይመር ይገኛል። ግን ያን ካለ «ነጯ ድንጋይ ጋ እንዴት ሳታየው ተለዋወጣችሁ?» ሊባል ነው። ጎጆዋ ልትታወቅ ነው። ካፖርቱ ሊወሰድ ነው። አንበሳው ሊራቆት ነው።

ደርበው ሴትዮዋን አላያትም። ጫማውን አየ። «አግኝቼዋለሁ፣» አለ። «ደህና ነው።»

«ደህና ነው?» አለች ዘይነባ።

«ደህና ነው አልኩሽ!»

ሹሙ ሳቀ። «እንግዲህ ሌላ ቤት አግኝቷል ማለት ነው እማማ! ወንድ አይደል?» ሠራተኞቹም ሳቁ። ሰውየው ተራራ ላይ ወድቋል፣ እነሱ ሚስት ፊት ውሽማ ይሰጡታል! ዘይነባ ግን አልሄደችም። «እሱ የእኔን ስንቅ ሳይፈታ የሰው እህል አይበላም» ብላ የጣቢያው አጥር ሥር ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ አለች።

መሸ። ደርበው ያን ማታ መውጣት አልፈለገም። አሞኛል አለ። ሹሙ «አንበሳ ይታመማል?» ብሎ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል። ዘይነባም ታየዋለች። ወጣ። ኩርባውን ታጠፈ። ጎጆዋ ገባ። በሩን በድንጋይ ደገፈ። ፍሙን አራገበ፤ ፍሙ ነደደ፣ ቤቱ ግን አልሞቀም።

ጠበቀ። ቧንቧው አቃሰተ። ዝም አለ። ደግሞ አቃሰተ።

ኳ ኳ።

«ይመር?» አለ ደርበው። «ይመር፣ ሚስትህ መጥታ ነበር።»

ያኔ በመስኮቱ እጅ ገባ። እስከዚያን ቀን እጁ ከውጭ ነበር የሚቆመው፤ ያን ሌሊት ገባ። እስከ ክርኑ ገባ። በፍሙ ብርሃን ታየ። ቆዳው ነጭ ነው። ጥፍሮቹ ላይ ውርጭ አለ። እሳቱ አጠገብ ነው፣ ውርጩ ግን አይቀልጥም።

ከውጭ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ እንደ ነዳጁ ማፈትለክ ያለ። «ምን አልካት?» አለ። አንተ አለው፤ ጋሼ ቀርቷል።

ደርበው ምን ይበል? ለሹሙ የዋሸው ሰው ለሙት እውነት ይናገራል? ልማዱ ነው፤ አፉ በራሱ ሄደ። «ደህና ነው አልኳት፣» አለ።

የገባው እጅ ጣቶች ቀስ ብለው ተዘረጉ። ታርጋዋን ሊቀበል ነው። ደርበውም ታርጋዋን ዘረጋ። ጠጋ አደረጋት። ጠጋ...

ጭብጥ!

አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ የእኔ እጅ ነው! የደርበውን የያዘው ግን የእኔ አልነበረም። የእጁን አንጓ ጨመደደው። «ግማሹ የአንተ ነው፣» አለው፤ «ና።»

በዚያች ጠባብ መስኮት ያ ሁሉ ሰው እንዴት ወጣ? አትጠይቁኝ። ጠዋት ሰዎች ሲያዩት መስኮቷ በር አክላ ነበር፤ ድንጋዩ ወደ ውጭ ፈርሷል።

ተጎተተ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ቧንቧ። ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማውን እንደ ልማዱ አውልቆ ነበር። ፊሽካውን ሊነፋ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልተገጣጠመም። ከፊቱ የሚጎትተውን ያያል፤ እጅ ነው። ከእጁ ወዲያ ጨለማ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ደመወዝ የበላበትን መንገድ ገና ማየቱ ነው! የት እንደሚያንሸራትት አያውቅም። የት ገደሉ እንደሚጠብ አያውቅም። በየእርምጃው ይወድቃል፣ እጁ ያነሳዋል። ብረቱ ሲያቃስት «እናቴ!» ይላል። ጅብ በጆሮ የሚያዞረው ጀግና ነው እንግዲህ ይሄ። ይመር ያንን መንገድ በየሌሊቱ ደርሶ መልስ ብቻውን ሄዶታል። ደርበው አንዴ፣ ያውም እጁን ተይዞ፣ አልቻለም።

ጠዋት ጣቢያው ምስማር ላይ አዲስ ታርጋ የለም። ሹሙ ያን ጊዜ ተነሳ። ታርጋ ጠፋ ብለው ወጡ እንጂ ሰው ጠፋ ብለው አይደለም፤ ልብ በሉልኝ። ዘይነባ ከፊታቸው ሄደች። ኩርባው ጋ የፈረሰችውን ጎጆ፣ አመዱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የተቀመጡትን ጫማዎች አዩ። ሹሙ አየና ገባው። ማንም አልሳቀም። ከጎጆዋ ጀምሮ አፈሩ ላይ የባዶ እግር ዳና ነበር። የአንድ ሰው ዳና ብቻ።

ዳናውን ተከትለው ጥርስ ማፋጫ ደረሱ።

ነጯን ድንጋይ ተደግፎ ይመር ተቀምጧል። የበረዶው ማታ ሲመለስ እዚያ ድረስ ነው አቅሙ የወሰደው። ውርጩ ፊቱን ጠብቆታል፤ የተኛ ነው የሚመስለው። ከፊቱ ደርበው ተንበርክኳል። በሕይወት አለ። ዓይኑ ፈጧል። አንጓው በይመር እጅ ውስጥ ነው።

ሊያላቅቋቸው ሞከሩ። ሁለት ጎረምሳ ጎተተ። በዱላ ፈለቀቁ። እጁ አልከፈት አለ። ደርበው ዘይነባን አየና ማልቀስ ጀመረ። «አላየሁትም ነበር!» አለ። «አላየሁትም፣ እዚህ መጥቼ አላውቅም!» ትናንት የታጣችው ቃል ዛሬ ወጣች። ለሞተ ሰው ምን ልታደርግለት!

ዘይነባ አልሰደበችውም። ዘወር ብላም አላየችውም። ከባሏ አጠገብ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «ይመርዬ፣» አለችው፣ «መጥቻለሁ። ልቀቀው በቃ። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው።»

ጣቶቹ ተከፈቱ።

ተሸክመውት ወረዱ፤ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አለቀሰለት፣ ቀበሩት። ደርበው ተባረረ። ሹሙስ? ሹሙማ ሌላ ወንበር ተሰጠው፤ የእነሱ ነገር እንደዚያው ነው። ደርበውን ግን ከዚያ በኋላ ጀንበር ስትጠልቅ መንገድ ዳር ቆሞ ያዩት ነበር። አላፊ አግዳሚውን ይለምናል። ገንዘብ አይለምንም። «እስከ ቤቴ አብራችሁኝ ሂዱ፣ እባካችሁ» ነው የሚለው። ማን ይሄድለታል? ልጆች እንኳ እየሳቁበት ያልፉ ነበር።

ሌላ ሰው ቢያወራላችሁ ኖሮ ሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ ብሎ ይጨርስ ነበር። እኔም እላለሁ፤ አትሂዱ። ግን ይመር ብቻውን የሄደው ወዶ መስሏችኋል? ሰው ብቻውን እንዲሄድ ሲደረግ ነው ያ እጅ የሚመጣው። የሚመጣውም ወደ መንገዱ አይደለም። ሞቆት ወደተኛው ቤት ነው።

በሉ መሽቷል። እትዬ ስንቄም መነሳትሽ ነው? ቤትሽ ከድልድዩ ማዶ ነው አይደል? ማን ያደርሳታል?

ማን?

አንዱ እግሩን ያሻል፣ አንዷ ጣራ ታያለች። ጥሩ ነው፤ ሂዱ ተኙ። ብርድ ልብሳችሁን ተከናነቡ። መስኮቱን ብቻ ጠበቅ አድርጋችሁ ዝጉ...

እህ! ምነው ሁላችሁም ተነሳችሁ? ጎሽ፣ እንዲህ ነው። በሉ እንሂድ። እሷን መሀል አድርጓት።